ሴፕቲክ ሾክ ፓምፕ በሌለበት ክፍል፦ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት እንዴት እንያዛቸው?

ጠቅላላ_ሐኪም
ለውይይት የሚሆን የሴፕቲክ ሾክ (ኢንፌክሽን ግፊትን ጥሎ አካላትን ደም የሚያሳጣበት ሁኔታ) ኬዝ ላቅርብ። ታካሚዋ የወረቀት ናት፤ ቁጥሮቹ ግን ለማንም ተረኛ እንግዳ አይደሉም። ዕድሜ 28፣ ክብደት 55 ኪሎ፣ ከወለደች 5ኛ ቀኗ። ታችኛውን ሆዷን ያማታል፤ ከማህፀን የሚወጣው ፈሳሽ ይሸታል። ግፊት 84/40፣ የልብ ምት 132፣ ትንፋሽ 30፣ ሙቀት 35.6፣ ኦክስጅን 91። ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ቀኑን ግን ታምታታለች። እጇ ቀዝቃዛ ነው።

ሪንገር፣ ሳላይን፣ አምፒሲሊን፣ ጀንታማይሲን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሴፍትሪያክሶንና አልትራሳውንድ አለን። አድሬናሊን ሁልጊዜ ይገኛል፤ ኖርአድሬናሊን አንዳንዴ። ኢንፊውዥን ፓምፕ (መድኃኒትን በተለካ ፍጥነት የሚገፋ መሣሪያ)፣ ላክቴት (አካል ኦክስጅን ሲያንሰው ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) መለኪያ፣ ማዕከላዊ ካቴተር (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) እና አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሉንም።

ላክቴት ሳይታይ ሾክ ማለት ይቻላል? ፈሳሹ እስከ ስንት ይሂድ? ኖርአድሬናሊንን በጠብታ ቆጥሮ መስጠትስ ያስኬዳል?

ቀይ_ዞን
ሾክ ናት፤ ለመጥራት አታመንታ። በ2016 የወጣው የሴፕሲስ-3 ትርጓሜ ሴፕቲክ ሾክ የሚለው በቂ ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላም አማካይ ግፊቱን 65 ላይ ለማቆየት ቫዞፕሬሰር (እንደ ኖርአድሬናሊን ደም ሥርን አጥብቆ ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት) ሲያስፈልግና ላክቴቱ ከ2 ሚሊሞል በላይ ሲሆን ነው። እዚያ የደረሱ ሰዎች ላይ የሆስፒታል ውስጥ ሞት ከ40 በመቶ ያልፋል። ትርጓሜው ለጥናትና ለመዝገብ ጥሩ ነው፤ አልጋ አጠገብ ግን ሁለቱ እስኪሟሉ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል።

የእሷን አማካይ ግፊት አስላው፦ 84 + 40 + 40፣ ሲካፈል ለ3፣ 55 ገደማ። ኩላሊትም አንጎልም በዚህ ግፊት ብዙ አይቆዩም። ቀን ማምታታቷ የአንጎል ምስክርነት ነው።

ሙቀቷ ላይ ትንሽ ልቆይ። 35.6 ሲያዩ «ትኩሳት የላትም» ብለው ከኢንፌክሽን የሚያወጧት አሉ። ቤተሰብም «በረደላት» ብሎ ደስ ይለዋል። ኢንፌክሽን ባለበት ሰው ላይ ከ36 በታች የወረደ ሙቀት ከ39 ይልቅ ያስፈራል።

ላክቴት ከሌለ ጣት አለ። ከላብራቶሪ አንድ የመስታወት ስላይድ ውሰድ። የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ጫፍ፣ በመዳፉ በኩል፣ ቆዳው እስኪነጣ በስላይዱ ተጫን፤ 10 ሰከንድ ያዝና ልቀቅ። ቀለሙ እስኪመለስ ቁጠር፤ ከ3 ሰከንድ ካለፈ ደም እዚያ እየደረሰ አይደለም። በመስታወቱ ውስጥ ቀለሙ ስለሚታይ ጥቁር ቆዳ ላይም ይሠራል። ብርሃኑ ጥሩ ይሁን፤ ክፍሉ ብርድ ከሆነ እጇን መጀመሪያ አሙቀው። በ2019 የታተመው አንድሮሜዳ-ሾክ የተባለው የደቡብ አሜሪካ ጥናት 424 ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በዚህ ዘዴ በየ30 ደቂቃው፣ ግማሹን በላክቴት በየ2 ሰዓቱ እየመራ አክሟል። በ28ኛው ቀን የሞቱት በጣት በተመሩት 34.9 በመቶ፣ በላክቴት በተመሩት 43.4 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የስታቲስቲክስ መስፈርቱን ለጥቂት አልሞላም። ቢያንስ ግን «ላክቴት ስለሌለን ምንም ማወቅ አንችልም» የሚለውን ሰበብ ወስዶብናል።

ጉልበቷንም ግለጠው። ዝንጉርጉር ሆኖ ከጉልበት ወደ ታፋ እየወጣ ከሆነ ጊዜ የለህም።

ሌሊት_ተረኛ
ፈሳሹን በተመለከተ፦ ዓለም አቀፉ የሴፕሲስ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚ.ሊ ይላል፤ ለእሷ 1650 ሚ.ሊ ማለት ነው። ከረጢቱ ተሰቅሎ «በፍጥነት ይሂድ» ተብሎ ከተረሳ ግን ይህ ቁጥር ትርጉም የለውም። 500 ሚ.ሊ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ስጥ፤ ከዚያ አልጋው ዘንድ ተመልሰህ ጣቷን፣ ግፊቷን፣ ትንፋሿንና የሳንባዋን ታች አዳምጥ። የተሻሻለ ነገር ካለ ቀጣዩን 500። ግፊቱ ሳይነሣ ትንፋሹ ከ30 ወደ 36 ከሄደ ወይም ሳንባው ታች መንጫጫት ከጀመረ እዚያው አቁም።

ካኑላው የሚናቅ ነገር አይደለም። ሰማያዊዋን 22 ተክሎ «ፈሳሹ አልሄደም» ማለት ቀልድ ነው፤ ፍሰቱ በቱቦው ስፋት አራተኛ ኃይል ስለሚወሰን ትንሽ የሰፋች ካኑላ ብዙ እጥፍ ታሳልፋለች። አረንጓዴዋ 18 ወይም ግራጫዋ 16፣ ሁለት መስመር።

ደግሞ አንድ የቋንቋ ጣጣ። በእኛ አገር የሚሰቀል ከረጢት ሁሉ «ግሉኮስ» ነው የሚባለው። ኦርደሩ በቃል ሲተላለፍ አንዳንዴ እውነተኛው 5 በመቶ ግሉኮስ ይሰቀላል። እሱ ስኳሩ ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ አይቆይም። ለሾክ ሪንገር ወይም ሳላይን ነው፤ ሪንገር ይመረጣል። የደም ስኳሯን ግን ለካ፤ ወርዶ ከተገኘ ግራ መጋባቷ ከዚያም ሊሆን ይችላል። ያኔ 40 በመቶ ግሉኮስ በመርፌ ስጣት፤ ይህ ከፈሳሽ መሙላቱ የተለየ ሥራ ነው።

አዋላጅ
ሌሊት_ተረኛ ያልከው ልክ ነው፤ ይህች ግን ወላድ መሆኗ ተረሳ። 1650ውን እንደ ግዴታ አትዩት። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሰውነቷ ያጠራቀመው ፈሳሽ ራሱ ወደ ደም ሥር እየተመለሰ ነው፤ ፕሪኢክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የግፊት በሽታ) ከነበረባት ወይም ልቧ በእርግዝናው ከደከመ ሳንባዋ በትንሹ ይሞላል። ስለዚህ በ250 በ250 መሄድ ይሻላል።

ሾኩስ በእርግጥ ከኢንፌክሽን ብቻ ነው? ፓዷን እዩ፣ ማህፀኗን ጨብጡ፣ ሄሞግሎቢን ላኩ። የሚሸት ፈሳሽ ያላት እናት ደምም ልታጣ ትችላለች፤ ሁለቱ አብረው የመጡ እንደሆነ በሪንገር ብቻ ደሟን እያቀጠናችሁ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ምንጩ። ማህፀን ውስጥ የእንግዴ ልጅ ቅሬታ ካለ የሰጣችሁት ፈሳሽም መድኃኒትም የተከፈተ ቧንቧ ሥር ውሃ መጥረግ ነው። አልትራሳውንዱ ከመጀመሪያው ፈሳሽ ጋር አብሮ ይሁን እንጂ ነገ ጠዋት አይሁን። ቅሬታ ካለ መጀመሪያ ግፊቷን ደግፎ በዚያው ቀን፣ በተቻለ መጠን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ በማኑዋል ቫኪዩም ማውጣት ነው። «ትረጋጋና እናወጣላታለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ተገልብጦ መነበብ አለበት፦ ካልወጣላት አትረጋጋም። ሆዷ ደርቆ ከጠነከረ ወይም በቀዶ ሕክምና የወለደች ከሆነ ግን ቫኪዩሙን ተዉትና ቀዶ ሐኪም ጥሩ።

ጠቅላላ_ሐኪም
አዋላጅ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። እና 30ውን እንስጥ ወይስ አንስጥ? ሁለታችሁ የተለያያችሁ መሰለኝ።

ማደንዘዣ_ክፍል
አልተለያዩም፤ ክርክሩ ግን እውነተኛ ስለሆነ ላብራራው። የ30ው መመሪያ መነሻው አይሲዩ፣ ቬንቲሌተርና ቫዞፕሬሰር በእጁ ያለ አገር ነው። በእኛ አህጉር የተሠሩት ጥናቶች ሌላ ነገር ይላሉ። በ2017 ከዛምቢያ ሉሳካ የወጣው ጥናት አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸውን፣ ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች ተከታትሏል። ብዙ ፈሳሽ ቶሎ እንዲያገኙ በፕሮቶኮል ከታከሙት 48.1 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶ ሞቱ። ከዚያ በፊት በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3141 ሕፃናት ላይ የተሠራው ፊስት የተባለው ጥናትም ቦለስ (በአንዴ ቶሎ የሚገባ ፈሳሽ) የተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ ይበልጥ እንደሞቱ አሳይቷል፤ 10.5 በመቶ ለ7.3።

ከዚህ «ፈሳሽ አትስጡ» የሚል ትምህርት አይወጣም። ከባድ የደም ማነስ፣ የጎደለ ምግብና የተጎዳ ሳንባ ባለበት ሰው ላይ ከረጢት በከረጢት መደራረብ ይገድላል ነው። የእኔ ፍርድ፦ ለዚህች 1 ሊትር አካባቢ፣ በየ250 እያያችሁ። ከዚያ በኋላም አማካይ ግፊቱ ከ65 በታች ከሆነ ኖርአድሬናሊን ይጀመር። ግፊቱ እንዲህ ከወረደ ደግሞ ሊትሩ ሳያልቅ ጎን ለጎን መጀመርም ይቻላል። ግፊቱን አራተኛ ከረጢት ያነሣዋል ብሎ መጠበቅ ነው ትልቁ ስህተት። የላላው ደም ሥሩ ነው፤ የላላን ከረጢት ውሃ በመሙላት አታጠብቀውም።

አሁን ጠብታው። 4 ሚ.ግ ኖርአድሬናሊን በ250 ሚ.ሊ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ፦ 1 ሚ.ሊ 16 ማይክሮግራም ይይዛል። (አያችሁ፣ ግሉኮስ እዚህ ቦታው ነው።) በኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮግራም ብንጀምር ለ55 ኪሎ 5.5 ማይክሮግራም በደቂቃ፣ 330 በሰዓት፣ ለ16 ሲካፈል 20.6 ሚ.ሊ በሰዓት። የሕፃናት ቡሬት (ከከረጢቱ ሥር የሚንጠለጠል ባለ መለኪያ ትንሽ ዕቃ) 60 ጠብታው 1 ሚ.ሊ ስለሆነ በሰዓት ያለው ሚ.ሊ በደቂቃ ካለው ጠብታ ጋር እኩል ነው፤ 21 ጠብታ በደቂቃ፣ በየ3 ሰከንዱ አንድ። በዚያ ላይ አንድ ጠብታ በደቂቃ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ለውጡ 0.27 ማይክሮግራም ብቻ ነው። 20 ጠብታው 1 ሚ.ሊ በሚሆነው በተለመደው መስመር ግን ያው መጠን 7 ጠብታ ስለሚሆን አንዷ ጠብታ ስትሳሳት ግፊቱ ይዘላል። በተለመደው መስመር አትሞክሩት።

ቡሬቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ 50 ሚ.ሊ ብቻ ሙሉና በላይ ያለውን ዝጉት። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ጠብታውን የምትቆጣጠረው መንኮራኩር ተነክታ ብትከፈት የሚገባው ቢበዛ 800 ማይክሮግራም ነው። እሱም ትንሽ አይደለም፤ ከ4 ሚ.ግ ግን ይሻላል። ክንድ ሲታጠፍና ፈሳሹ ሲቀንስ ፍሰቱ ስለሚለወጥ ጠብታውን በየ15 ደቂቃው ቁጠሩ። ግፊቱን መጀመሪያ በየ5 ደቂቃው፣ ሲረጋ በየ15 ደቂቃው። ካልተነሣ በ5 ጠብታ ጨምሩ። ግቡ 65 ነው፤ 90 ማድረስ ጥቅም የለውም።

ማዕከላዊ ካቴተር የለም ብሎ ማዘግየት አያስፈልግም፤ የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም በክንድ ሥር መጀመርን ይደግፋል። ሥሩ ግን የክርን መታጠፊያው ላይ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ የእጅ ጀርባና አንጓ አይሆንም። በዚያ መስመር ሌላ መድኃኒት በመርፌ አይገፋም። የግፊት መለኪያው በሌላው ክንድ ይታሰር። ካኑላው ዙሪያ ቆዳው ቢነጣ፣ ቢቀዘቅዝ ወይም አመመኝ ብትል ወዲያው አቁሙና በሌላው ክንድ ባዘጋጃችሁት መስመር ቀጥሉ። የፈሰሰበትን ካኑላ ከመንቀላችሁ በፊት በሲሪንጅ የሚመጣውን ያህል ሳቡ፤ ከዚያ ቦታውን በሞቀ ጨርቅ ያዙት። ፌንቶላሚን ካለ ከ5 እስከ 10 ሚ.ግ በ10 ሚ.ሊ ሳላይን ቀጥኖ ዙሪያውን ከቆዳ ሥር ይወጋል።

ፋርማሲ_መስኮት
የኖርአድሬናሊን አምፑል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ምልክት የሚጽፈው በታርትሬት ጨው ነው፣ ሌላው በቤዝ (ጨው የሌለበት መድኃኒቱ ብቻ)። 2 ሚ.ግ ታርትሬት 1 ሚ.ግ ቤዝ ነው። ማደንዘዣ_ክፍል ያሰላው በቤዝ ስለሆነ «8 ሚ.ግ ታርትሬት በ4 ሚ.ሊ» የሚል አምፑል ለእሱ 4 ሚ.ግ ነው። ታካሚዋ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው በተሻገረች ሌሊት ግፊቷ ያለምክንያት ከተለወጠ መጀመሪያ ካርቶኑን አንብቡ። ቀለሙ ወደ ቡናማ የሄደ አምፑል ይጣላል። ከባይካርቦኔት ጋር በአንድ መስመር አይሄድም፤ ይበላሻል።

አንቲባዮቲክ ላይ፦ አምፒሲሊን 2 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ጀንታማይሲን በኪሎ 5 ሚ.ግ በቀን አንዴ (ለእሷ 275፤ ባለ 80 አምፑል ከሆነ ሦስት ተኩል ገደማ)፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚ.ግ በየ8 ሰዓቱ። ክሊንዳማይሲን ካለ ከጀንታማይሲን ጋር ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የማህፀን ኢንፌክሽን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጥምረት ነው። ኩላሊቷ ተጎድቷል ብላችሁ የመጀመሪያውን ዶዝ አትቀንሱ፤ የሚስተካከለው ቀጣዩ ነው። አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀሉም፤ አንዱ ሌላውን ያመክነዋል።

ሴፍትሪያክሶን የምትሰጡ ከሆነ ሪንገር ውስጥ አትበጥብጡት፤ ካልሲየም ስላለው ይረጋል። አዋቂ ላይ መስመሩን በሳላይን አጥቦ አንዱን ካንዱ በኋላ መስጠት ይቻላል፤ ከ28 ቀን በታች ሕፃን ላይ ግን ጨርሶ አይገናኙም።

ሌሊት_ተረኛ
ሰዓቱን ልጨምርበት። ሾክ ካለ የመጀመሪያው ዶዝ በ1 ሰዓት ውስጥ ነው። የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት የሚወሰድ ደም) ካለ ቀድሞ ይወሰድ፣ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሊ፣ ከሁለት ቦታ፤ ግን አንቲባዮቲኩን አያስጠብቅ። የ2006ቱ የካናዳና የአሜሪካ ጥናት ግፊት ከወረደ በኋላ በነበሩት 6 ሰዓታት እያንዳንዱ የዘገየ ሰዓት በሕይወት የመትረፍ ዕድልን በአማካይ 7.6 በመቶ ሲቀንስ አይቷል። ወደኋላ ሄዶ መዝገብ ያገላበጠ ጥናት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልይዘውም፤ አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም። በተግባር ሰዓቱ የሚባክነው ወረቀት ይዞ ውጭ ፋርማሲ በሚሮጥ አስታማሚ እግር ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ከድንገተኛ ክፍል ቁምሳጥን ወጥቶ ይሰጥ፣ የሚገዛው በኋላ ይተካ።

ከኬዙ ትንሽ ልውጣ። ቅማል ያለበት፣ ትኩሳቱ ሄዶ የተመለሰበት ሰው ላይ ግርሻን አስቡ። የደም ፊልም ላይ ቦሬሊያ (የግርሻ ባክቴሪያ) ከታየ የመጀመሪያው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከዚያ የግፊት መውረድ ይከተላል። ያሪሽ-ሄርክስሃይመር (ባክቴሪያዎቹ ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ) ነው እንጂ አለርጂ አይደለም፣ መድኃኒቱም አልከሸፈም። መስመር ተክላችሁ፣ ፈሳሽ አዘጋጅታችሁ፣ አጠገቡ ሆናችሁ ስጡት።

አስታማሚ
ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ሰው አይደለሁም። «ደሟ ተመርዟል» ሲባል ምን ማለት ነው? ይተላለፋል? አጠገቧ የሚቀመጥ ሰውስ ምን ይከታተል?

ቀይ_ዞን
ጤና ይስጥልኝ፣ ይጠይቁ እንጂ። «የደም መመረዝ» የሚለው አባባል ሰውን ያሳስታል፤ ደሟ ውስጥ መርዝ ገብቶ አይደለም፣ ደም በመቀየርም አይጠራም። አንድ ቦታ የገባ ተሕዋስያን አለ፤ የራሷ ሰውነት ለእሱ የሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ ደም ሥሮቿን አላላቸው፣ ፈሳሹም ወደ ሥጋዋ ይሾልካል። ግፊቱ ሲወድቅ አንጎል፣ ኩላሊትና ጉበት ኦክስጅን ያጣሉ። ሴፕሲስ ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መነሻው ግን የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጅዎን ይታጠቡ።

የሚከታተሉት፦ ከቀድሞው የበለጠ መቃዠት ወይም ለመቀስቀስ ማስቸገር፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ ጉልበት ላይ የሚታይ ዝንጉርጉር፣ የሽንት ከረጢቱ አለመሙላት። 55 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 27 ሚ.ሊ ገደማ መውረድ አለበት፤ ሁለት ሰዓት ባዶ ከቆየ ሲስተሯን ይጥሩ። እባክዎን ግን «ጠብታው ዘግይቷል» ብለው መንኮራኩሯን አይንኩ። ከላይ እንዳነበቡት በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ተራ ፈሳሽ ላይሆን ይችላል። ከዳነች በኋላም ለወራት ድካምና የማስታወስ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ሰነፈች አትበሉ።

ጠቅላላ_ሐኪም
ኖርአድሬናሊን ባለቀበት ቀንስ? ዶፓሚን ወይስ አድሬናሊን? ሪፈር መቼ?

ማደንዘዣ_ክፍል
አድሬናሊን። ዶፓሚን የልብ ምት መዛባትን ያበዛል፤ በ132 የሚመታ ልብ ላይ አልጨምረውም። ባለ 1 ሚ.ግ አድሬናሊን 4 አምፑል በ250 ውስጥ ያው 16 ማይክሮግራም ይሰጣል። በኪሎ በደቂቃ 0.05 ማይክሮግራም ጀምር፤ ለእሷ 10 ጠብታ በደቂቃ። ላክቴት ወዳለበት ሆስፒታል ስትልካት አድሬናሊን ላይ መሆኗን በትልቁ ጻፍ። መድኃኒቱ ራሱ ላክቴትን ስለሚያወጣ ተቀባዩ እየባሰባት ይመስለዋል።

ሪፈሩ ላይ፦ የኖርአድሬናሊኑ ጠብታ ከ20 በላይ እየወጣ ሲሄድ ስልክ ይደወል፤ 50 እስኪደርስ አትጠብቅ። 50 ማለት ለእሷ በኪሎ 0.25 ገደማ ነው፤ እዚያ 4 ሰዓት ከቆየች ሃይድሮኮርቲሶን 50 ሚ.ግ በየ6 ሰዓቱ ይጀመራል። ቫዞፕሬሲን ያለው ቤት እዚህ አካባቢ በደቂቃ 0.03 ዩኒት ይጨምራል። ማህፀኗ ውስጥ ቅሬታ ካለና የሚያወጣው ሰው እናንተ ዘንድ ካለ አውጥቶ መላክ ይሻላል።

አምቡላንስ ውስጥ ጠብታ መቁጠር በኮረኮንች ላይ ፈተና ስለሆነ ነርሱ ከቡሬቱ ዓይን አይንቀል። ሁለተኛው ከረጢት ከመነሣታችሁ በፊት ተበጥብጦ፣ ስምና መጠን ተጽፎበት ይሰቀል። የኖርአድሬናሊን ዕድሜ ደም ውስጥ 2 እና 3 ደቂቃ ነው፤ ከረጢት እስኪቀየር ግፊቱ ይወድቃል።

ፋርማሲ_መስኮት
250ው ከረጢት ከሌለ 500 ውስጥ 8 ሚ.ግ።

ጠቅላላ_ሐኪም
ባለ 1000 ብቻ ከሆነስ? 16 ሚ.ግ ማባከን ነው።

ፋርማሲ_መስኮት
750ውን አፍስሱ የሚሉ አሉ፤ የከረጢቱ መስመር ግን ግምት ነው፣ አላምነውም። ቡሬቱን ራሱን መለኪያ አድርጉት፦ 5 በመቶ ግሉኮስ እስከ 100 ሙሉና 1.6 ሚ.ግ በቤዝ ጨምሩ፤ ያው 16 ማይክሮግራም ነው። ጽሑፉን ቡሬቱ ላይ ለጥፉ፣ ከረጢቱ ላይ አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ግሉኮስ ስለሆነ ቡሬቱ ሲጎድል ከላይ ከፍቶ ብቻ የሚሞላ ሰው መድኃኒቱን አቅጥኖ ያጠፋዋል፤ በየሙሊቱ 1.6ቱ እንደገና ይጨመር።

ማደንዘዣ_ክፍል
እንዲህ ስትበጠብጡ ቡሬቱ ሙሉውን 100 ይይዛል፤ ከላይ ያልኩት የ50 ጥንቃቄ ቀረ ማለት ነው። ሰው አጠገቡ ከሌለ ግማሹን በግማሽ ሥሩ፦ 50 ሚ.ሊ በ0.8 ሚ.ግ።